ቡናችን በሚሄድበት ባቡር

እኛ ቀበሌ፣ ኮንጋ፣ «ባቡር» ሲባል ቀድሞ የሚታየን የእህል ወፍጮ ነው። እናቴ «ባቡር ሄዳለች» ከተባለ እህሏን ይዛ ወፍጮ ቤት ወርዳለች ማለት ነው። «ጣቢያ» ደግሞ እሸት ቡና የሚፈለፈልበትና የሚታጠብበት ቦታ ነው። «አልጋ»ም ለሰው ብቻ አይደለም፤ የታጠበው ቡና ከ10 እስከ 15 ቀን ተሰጥቶ የሚደርቀው አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ አባቴን «በባቡር ጅቡቲ ልሄድ ነው፤ አልጋው ስለሚወደድ ወንበር እቆርጣለሁ» ስለው ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና፣ «ቡና እንኳ አልጋ ላይ ይተኛል፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ።

ለቀማው አልቋል፤ እጄ ላይም ጥቂት ብር አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ስትመላለስብኝ ኖራለች፦ ይህ ሁሉ ቡና መጨረሻው የት ነው? አባቴ በየዓመቱ እሸቱን ለጣቢያው ያስረክባል። ከጣቢያው ወደ ዲላ እንደሚሄድ ያውቃል። ከዲላ ወዲያ ያለው ለእሱ ወሬ ነው። «ባሕሩ ጋ ከደረስክ ቡናችንን እይልኝ» ብሎ መረቀኝ። እናቴ በበኩሏ ግማሽ ኪሎ ቆልታ በፌስታል ቋጠረችልኝ፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም።

ከተመለስኩ በኋላ ብዙ ሰው «በስንት ሄድክ? እንዴት ሄድክ?» እያለ ስለጠየቀኝ ነው ይህን የምጽፈው። የትኬት ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር እናንተ ስትሄዱ ውሸት ይሆናል። ዋጋ የማይለውጠውን ግን ልንገራችሁ።

ከኮንጋ ይርጋጨፌ በባጃጅ፣ ከይርጋጨፌ ዲላ በሚኒባስ። ዲላ አደርኩ፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባው መኪና ጎህ ሳይቀድ ነው የሚወጣው። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ባቱ እያለ ሞጆ ላይ ይደርሳል። ሞጆ ስትደርሱ በመስኮት ተመልከቱ። ደረቅ ወደቡ እዚያ ነው፤ ኮንቴይነሩ እንደ ሸክላ ጡብ ተደርድሯል። የጅቡቲው ሐዲድም በሞጆ ያልፋል። ልብ በሉ፤ ከደቡብ ለሚመጣ ሰው ሐዲዱ የሚገኘው ሞጆ ላይ ነው። እኔ ግን ቪዛና ትኬት አዲስ አበባ ስለሚያስፈልገኝ አልፌው ሄድኩ፤ ጉዳዬን ስጨርስ ደግሞ በባቡር ተመልሼ አለፍኩት። ሞጆን ሁለት ጊዜ ማየት ለኪስ አይበጅም። ወረቀታችሁን ቀድማችሁ ከጨረሳችሁና ትኬቱ ከዚያ የሚቆረጥ ከሆነ፣ አዲስ አበባን እርሷት።

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ አልፎም ወደ ሞያሌ የሚወርድ ሐዲድ በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። አልተሠራም። ስለዚህ የእኛ ቡና እስከ ሞጆ ድረስ እንደኔው በጎማ ነው የሚመጣው።

የደቡብ መኪና ቃሊቲ መናኸሪያ ያወርዳችኋል። ባቡሩ የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። ካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። ሻንጣ ይዞ፣ በማታ፣ በታክሲ ሰልፍ ሲሞከር ግን ሌላ ነው። ያን ምሽት ለኮንትራት ታክሲ የከፈልኩት ከዲላ አዲስ አበባ ከከፈልኩት ብዙም የማያንስ ሲሆን ነው ነገሩ የገባኝ፦ በዚህ ጉዞ ላይ ርካሹ ባቡሩ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ከባቡሩ በፊትና ከባቡሩ በኋላ ያለው ክፍተት ነው።

ይህ ክፍተት እንዴት መጣ? የድሮውን ምድር ባቡር አስቡት። አዲስ አበባ ላይ ለገሃር ነበር የሚገባው፤ መሀል ከተማ። ስሙ ራሱ ጣቢያ የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ በአፋችን ላይ ተለውጦ ሰፈር ሆነ። ድሬዳዋም ከዚራ እምብርት ላይ፣ ጅቡቲም ከተማው ውስጥ ነበር የሚቆመው። አዲሱ መስመር ግን 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲዘረጋ ጣቢያዎቹን ከከተማ ዳር አቆማቸው። ለቡ ዳር ነው፤ የድሬዳዋው ዳር ነው፤ የጅቡቲው ነጋድም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ዕቃ ለሚጭን ሰው ዳር መሆኑ ጥሩ ነው፤ ቦታው ሰፊ፣ መሬቱ ርካሽ፣ ለከባድ መኪናም የሚመች። ኮንቴይነር ታክሲ አይጠራም፤ ፔንሲዮን አይፈልግም። አገራችን ወደ ውጭ ከምትልከውና ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው፤ ሐዲዱም የተዘረጋው ለዚያ ነው። ያኔ የሰው ባቡሩ በየዕለቱ አለመሄዱም ከዚሁ ይመስለኛል። በአጭሩ ባቡሩ የቡናችን ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። ይህን አውቆ የሄደ ሰው አይናደድም፤ ለክፍተቱ ገንዘብ ይይዛል።

በጉዞዬ ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፓስፖርቴን ይዤ የለቡ ጣቢያ በር ላይ ነበርኩ። ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ቢላዋ የሚመስል ነገር አትያዙ። እኔ ሙዝ ልቆርጥባት የያዝኳት ትንሽ ሴንጢ እዚያው ቀረች።

ወንበሩ እንዴት ነው? ቻይና ሠራሽ ነው፤ በአንድ በኩል ሦስት ሦስት ሰው፣ በሌላው ሁለት ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። መደገፊያው ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ኋላ አይልም። ጉልበት ከጉልበት ይነካካል። አልጋ ያለባቸው ፉርጎዎችም አሉ፤ የታችኛው አልጋ ከላይኛው ይወደዳል። እኔ ግን ብሩ ቢኖረኝም ወንበር ነው የምመርጠው። ጉዞው በቀን ነው፤ በቀን ተኝቶ ጣሪያ ማየት ምን ያደርጋል? ወንበር ላይ ሰው አለ። ቁጥሩ መስኮት ዳር ከሆነላችሁማ ሌላ አትመኙ። ከያዝኩት ሁሉ የጠቀመችኝ ፔርሙዟ ነበረች። ዲላ ላይ ሙሉ ቡና አስቀድቼባት ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሜ አስሞላኋት። ቆሎና ዳቦ ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ውሃ ግን ከምታስቡት እጥፍ ያዙ፤ እኔ አንድ ሊትር ይዤ መተሐራ ሳንደርስ ጨርሼ ጎረቤት ለምኛለሁ።

እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መምጫ። ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ይሆናል። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ሲገናኝ አንዱ ጣቢያ ገብቶ ይቆምና ሌላውን ያሳልፋል። ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ስትቆሙ «ተበላሸ እንዴ?» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ሊተላለፉ ነው። እኛም ቆመን ሳለ የጭነት ባቡር ከፊታችን አለፈ። ኮንቴይነሮቹን ልቆጥር ሞከርኩ፤ 40 ላይ ተምታታብኝ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ ሁሉም ታሽገዋል። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ 320 ያህል ይገባበታል፤ 19 ቶን ከምናምን ቡና ማለት ነው። የትኛው ውስጥ ቡና እንዳለ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ቆዳ ወይም ሰሊጥ እንደጫነ ከውጭ ምንም አይለይም። አባቴን ምን ልለው ነው ብዬ ማሰብ የጀመርኩት እዚያ ነው።

መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ በመስኮቱ ይመጣል። ውሃው ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ብዙ እጥፍ እየሰፋ የድሮውን ሐዲድና መንገድ የተጋፋ ሐይቅ ነው። ከጎኑ የፈንታሌ ተራራ አለ፤ የቀዘቀዘው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ መንገዱ ይመጣል። እንደኛ ዓይኑ በእንሰትና በቡና ጥላ ለለመደ ሰው እንዲህ ራቁቱን የቆመ መሬት ያስደነግጣል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ያኔ በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ገና አራት ወሩ ነበር፤ መስከረም 2016 ነው የተመዘገበው። እኔ የኛን አገር አረንጓዴነት ደህና አድርጌ ያየሁት ከፈንታሌ ሥር ሆኜ ነው ብል አታምኑኝም።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠው የጭሮ ሰው ነው፤ ሚኤሶ ላይ ይወርዳል። ከይርጋጨፌ ወዲያ ካለች ቀበሌ መምጣቴን ሲሰማ ሳቀ። «እናንተ ታጥቡታላችሁ። እኛ ከነልጣጩ ነው የምናደርቀው። ቡና ይታጠባል እንዴ? ልብስ ነው?» አለኝ። እስከ አዋሽ ስንከራከር ሄድን። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ሦስቱ ስሞች አገራችን በውጭ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ የተሟገተችባቸው ናቸው፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ንትርክ በስምምነት ያለቀው በ1999 ዓ.ም. ነው። የሁለቱ ስም ልጆች ያን ቀን አንድ ፉርጎ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተገናኙ። ከፔርሙዜ ቀዳሁለት። ጠጣና «ደህና ነው፤ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል» አለ። ኮምጠጥ የሚለው እኮ ነው ዋጋው! ቀምሰው ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። አላመነኝም።

ድሬዳዋ ደረስን። የጅቡቲው ጉዞ ለእኔ በማግሥቱ ነበር፤ አንድ ሌሊት ማደር ግድ ሆነ። ይህም ክፍተት ነው፤ ያውም ከሁሉ የሚወደድ። ከጣቢያው ወደ ከተማ በባጃጅ ከመሄዳችሁ በፊት ከሌላ ተሳፋሪ ጋር ተጋሩ፤ እኔ ብቻዬን ገብቼ ባለባጃጁ «አቦ፣ እንግዳ ነህ አይደል?» ብሎ በፈገግታ የጠራልኝን ከፈልኩ። ያደርኩበት ፔንሲዮን ስሙ ይቅር፤ ማራገቢያው የሚዞረው እንደ ፈቃዱ ነበር።

ማታ ከዚራ ወጣሁ። የዛፉ ጥላ፣ ቀጥ ያለው መንገድ፣ የድሮው ጣቢያ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት ጀመረ። ሐሳቡ ሐረር ማስገባት ነበር፤ ተራራው ዋጋው አልቀመስ ሲል ከሥሩ ሜዳ ላይ አቆሙት። በ1902 ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች፤ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ይሏት ነበር። አዲስ አበባ ለመድረስ ገና 15 ዓመት ቀረው።

በጣቢያው አቅራቢያ ሻይ ስጠጣ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ ናቸው። «ጋሼ፣ የዘንድሮውን ባቡር እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው። «ይሮጣል» አሉ፤ ሌላ አላከሉም። ቆይተው ነው የተናገሩት። የድሮው ባቡር የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ሠራተኛው ትዕዛዝ የሚቀበለውም፣ የሚሰደበውም በፈረንሳይኛ። በጥንቱ ጊዜ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም፤ ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። በየጣቢያው ሻጭ ይንጋጋል፤ ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ይገዛል። «አሁን መስኮቱ ዝግ ነው» አሉኝ። እኔ በልቤ፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ድሬዳዋ እያደርን ነው እኮ፣ አልኩ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ደስ የሚላቸው አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። አረንጓዴው ያልቃል፤ ግራር ያጥራል፤ ግመል ይበዛል። የግመል መንጋ ሐዲዱን ሲያቋርጥ ባቡሩ ጥሩምባውን ይለቀዋል። አዲጋላ ስትደርሱ ይህን አስታውሱ፦ ጅቡቲ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከዚህ አካባቢ ከመሬት ተስቦ ነው በቧንቧ የሚወርድላት፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ መብራትም ከእኛ ትገዛለች። ባቡራችንም በዚያው በወንዞቻችን ኃይል ነው የሚሄደው፤ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው። ውሃው፣ መብራቱ፣ ጫቱ፣ ቡናው፣ እኔ፤ ሁላችንም ወደ አንድ አቅጣጫ እየወረድን ነበር። ከዚያ ደወሌ፣ ድንበሩ፣ ዓሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፣ ነጋድ። የሁለቱን አገር ማህተም ለማስመታት ሰልፍ አለ፤ ቪዛችሁን አትማችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ ስልክ ላይ ማሳየት ባትሪ ላይ መታመን ነው። ከበሩ ስወጣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጥር ነው እኮ። የሐምሌውን ሙቀት ማሰብ አልፈለግኩም። የዲላን ጠዋት አስቤ የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ ዲላ እስክመለስም አልለበስኩትም።

ጅቡቲ ለደሃ መንገደኛ አትራራም። ፍራንኳ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በ177.7 ለአንድ ዶላር ተቸንክሮ ያለ ገንዘብ ነው፤ ከወደብና ከጦር ሰፈር የሚገባው ዶላር ደግሞ ዋጋውን ወደ ላይ ይይዘዋል። አትክልቱ በአብዛኛው ከእኛው ይሄዳል፤ ቲማቲም ስገዛ የሰማሁት ዋጋ አሳቀኝ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ባንክ ዶላሩን 56 ብር አካባቢ ነበር የሚመነዝረው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 100 አልፏል፤ ስለዚህ የእኔን ወጪ ቢያንስ በሁለት አባዙት። ሌላም የተለወጠ አለ። ያኔ ባቡሩ ላይ የቻይና ሠራተኞች ከእኛዎቹ ጋር አብረው ይሠሩ ነበር፤ ግንቦት 2016 ላይ ሥራው ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ተላልፏል። በታኅሣሥና በጥር 2017 ደግሞ ያ የፈንታሌ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናጠና ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ወጣ። ለመሄድ ስታስቡ የሰሞኑን ወሬ ጠይቁ።

ርካሽ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ዓሣው አለ። በየመኖች አሠራር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ግድግዳው በጋለ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል፤ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ለሁለት ሰው ይበቃል። ቋንቋም አያስቸግራችሁም፤ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ባትችሉም አማርኛ የሚሰማ ሰው ከሁለት ሱቅ አንዱ ውስጥ አይጠፋም። ከቀትር በኋላ ግን ምንም አታቅዱ። ጫቱ ይገባል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ከተማው ጥላ ፍለጋ ይሸሻል።

ከተማው ሲቀዘቅዝ ፕላስ ምኒልክ ወደሚሉት አደባባይ ወጣሁ። የወግ ስሙ የነጻነታቸውን ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977ን፣ የያዘ ነው፤ ሰው ግን ምኒልክ ነው የሚለው። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሄድኩና ለአባቴ ደወልኩ።

«ደረስክ?»
«ደርሻለሁ አባባ።»
«ባሕሩስ?»
«ሰፊ ነው። ዳር የለውም።»
«ቡናችንስ?»
«አልታየኝም። ሁሉም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ታሽጓል።»
«ሽታውስ?»
«ሽታውም የለም። የዓሣና የናፍጣ ነው።»

ዝም አለ። «እናትህ ሹራብህን እንዳትጥል ትላለች» አለኝና ስልኩን ዘጋ።

ስመለስ አንዲት ያገሬ ልጅ ጀበና ጥዳ፣ አራት በርጩማ ዘርግታ አየሁ። ሁለት የኢትዮጵያ ታርጋ ከባድ መኪና ሾፌሮች ተቀምጠዋል። ቡናዋ ከየት እንደሆነ ጠየቅኳት። «የሐረር ነው፤ እዚህ ሌላ ምን ይገኛል?» አለች። በሺህ የሚቆጠር ጆንያ የይርጋጨፌ ቡና የሚያልፍበት ወደብ ላይ! የጭሮው ሰው ቢሰማ እንዴት በሳቀብኝ። የእናቴን ፌስታል አወጣሁና ሰጠኋት። ፈታ አሸተተችው፤ «ማን ነው የቆላው? እጇ ይባረክ» አለች። የብረት ምጣዱ ላይ ለአፍታ አሞቀችው፤ ሙቀጫው ውስጥ ጨምራ መውቀጥ ጀመረች።

ሽታው ተነሳ።

ከሾፌሮቹ ጠና ያለው ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ይሄ ይርጋጨፌ ነው» አለ። «ስንት ዓመት ሙሉ ጭኜዋለሁ፤ ጠጥቼው ግን አላውቅም። ከየትኛው ነው?»

«ከኮንጋ» አልኩት።

«ኮንጋ የት ነው?»

በርጩማዬን ሳብ አድርጌ፣ ከባጃጁ ጀምሬ ነገርኩት።